«የወር አበባሽ መቼ መጣ?» የምለው ለዚህ ነው

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ ፋርማሲ ውስጥ ሠርቻለሁ። መድኃኒት ልትገዛ የመጣች ወጣት ሴት ካየሁ አንድ ጥያቄ አልተውም፤ የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? አንዳንዷ ታፍራለች፣ አንዳንዷ ደግሞ «ምን አገባዎት?» በሚል ዓይን ታየኛለች። አልቀየማትም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ልጅ ከንፈሬ ደረቀ ብላ ቅባት ልትገዛ መጣች። የምትወስጅው መድኃኒት አለ ወይ ስላት ከቦርሳዋ ግማሹ ያለቀ የአይሶትሬቲኖይን እንክብል አወጣች። የብጉር መድኃኒት ነው። እህቷ ተጠቅማ የተረፋትን ነው የሰጠቻት። ይሄ እንክብል ከንፈር እንደሚያደርቅ ስለማውቅ ያንኑ ነግሬ፣ ቅባቱን ሰጥቼ ሸኘኋት። እርጉዝ ትሆን ይሆን ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። ትዝ ያለኝ ማታ ጋደም ስል ነው። ዳግመኛ አላየኋትም፣ እስከ ዛሬም አስባታለሁ። ያ እንክብል የፅንሱን ጆሮ፣ ልብና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። የምትወስደው ሴት ከመጀመሯ 1 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ካቆመች በኋላም ቢያንስ 1 ወር እስኪያልፍ ድረስ ማርገዝ የለባትም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ኋላ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። እስቲ ቁጠሩት። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት «ዘግይቶ ይሆናል» እያለች ሁለት ሳምንት ብትጠብቅ፣ ስትመረመር ያ ሥራ አልቋል። ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድን፣ በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝናው ቢያንስ 1 ወር በፊት ጀምሩ የምንለውም ለዚህ ነው። እስከ 12ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ ከዚያ ከፍ ያለ መጠን የሚያስፈልጋቸው ሴቶችም ስላሉ ሐኪም ይወስንላችሁ።

ታሊዶማይድን ስሙን የሰማችሁት ትኖራላችሁ። በ1957 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። በ1961 መጨረሻ ላይ ከጀርመን ገበያ ሲሰበሰብ ጉዳቱ ደርሷል። በዓለም ዙሪያ ከ10 ሺህ በላይ የሚገመቱ ሕፃናት፣ ብዙዎቹ እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ተወለዱ። አሜሪካ ውስጥ ግን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረችው ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ፣ ኩባንያው ደጋግሞ ቢወተውታትም፣ የቀረበልኝ ማስረጃ አይበቃኝም ብላ ፈቃድ ሳትሰጥ ቀረች። ጥያቄ መጠየቅ ያን ያህል ያድናል።

ይህን አንብባችሁ ግን ደንግጣችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ፣ አደራ! ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዬት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት 1 ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን በገዛ እጇ በድንገት ያቆመች እናት በሽታው ተነሥቶባት እሷም ፅንሱም ሊሞቱ ይችላሉ። መፍትሔው ገና ሳታረግዢ ሐኪምሽ ጋ ሄደሽ «ልጅ መውለድ አስባለሁ» ማለት ነው፤ ያኔ መድኃኒቱን ቀስ አድርጎ ለመቀየር ጊዜ አለ። ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስጂም እንደዚያው፣ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳልና። አይቡፕሮፌን ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ ማስታገሻ ነው፤ ከ20ኛው ሳምንት ወዲያ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካም።

ወንዶች፣ የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ሌሊት ፋርማሲ የምትላኩት እናንተ ናችሁ። «የራስ ምታት ክኒን ስጡኝ» ብላችሁ ስትመጡ ለማን እንደሆነ እኛ ከየት እናውቃለን? ለሚስቴ ነው፣ እርጉዝ ናት፣ ወይም ልታረግዝ ትችላለች በሉ። እኛ ብንረሳ እንኳ እናንተ ሳንጠይቃችሁ ንገሩን።