የትኛው ፖርታፊልተር ለየትኛው ማሽን? ጥያቄና መልስ

ስለ ፖርታፊልተር፣ ማለትም የተፈጨ ቡና ተጠቅጥቆበት ማሽኑ ላይ ስለሚቆለፈው ባለ እጀታ ዕቃ፣ የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ትንሽ ካፌ አለችኝ። ከፖርታፊልተሮቹ አንዱ ተሰብሮብኝ ገበያ ብወጣ «58 ከሆነ ሁሉም ይገባል» አሉኝ። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና አትክፈዪ። 58 ሚሊሜትር የሚባለው በውስጡ ገብቶ ቡናውን የሚይዘው የማጣሪያው ስፋት ነው። ማሽኑ ላይ የሚቆልፉት ግን በግራና በቀኝ የወጡት ሁለቱ ጆሮዎች ናቸው፤ ውፍረታቸው ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የማሽን አምራቹ ፋኤማ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢ61 የሚባለው ራስ (ፖርታፊልተሩ የሚቆለፍበት የማሽኑ ክፍል) 58 ነው፣ የሌላው አምራች የላ ማርዞኮም 58 ነው፤ ሆኖም የአንዱን ለሌላው ዝም ብለሽ አትገዢም። ጆሮው ከወፈረ ጭራሽ አይገባም። ከቀጠነ ይብሳል፤ የተቆለፈ ይመስልና 9 ባር ግፊት ሲያርፍበት ውሃው በጠርዙ ያፈተልካል፣ ሲከፋም ተፈናጥሮ ወርዶ ባሪስታዋን ያቃጥላል።

ስለዚህ የተሰበረውን ይዘሽ ሂጂ። በካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚለካው መሣሪያ) የማጣሪያውን ስፋት፣ የጆሮውን ውፍረት፣ ከአንዱ ጆሮ ጫፍ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ለኪ። ሦስቱም ካልገጠሙ ተዪው። ደግሞ የተሰበረው ፕላስቲኩ እጀታ ብቻ ከሆነ ሙሉውን አትግዢ፤ እጀታው በጥርስ የሚታሰር ስለሆነ ተፈትቶ ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ቤት ያለችው ማሽን ብሬቪል ባምቢኖ ናት። የካፌዎቹን ትልቁን 58 ልግዛላት?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ፣ የእሷ 54 ነው። ዴሎንጊ ዴዲካ ያላችሁም 51 ፈልጉ። መጠቅጠቂያውንም በዚያው ልክ ግዙ፤ ካነሰ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያለው ቡና ሳይጠቀጠቅ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ታቹ ክፍት የሆነው ፖርታፊልተር ቡናውን ያጣፍጠዋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በራሱ አያጣፍጥም። ጥቅሙ ስህተትን ማሳየቱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ማሽኑን አስነሥታችሁ ከሥር እዩት። ደህና የተጠቀጠቀ ከሆነ ጠብታው በማጣሪያው ሥር ሁሉ እኩል ይወጣና ወደ መሐል ተሰብስቦ አንድ ቀጭን ክር ሆኖ ይወርዳል። አንድ ጥግ ላይ ቀድሞ ከነጣ ወይም ወደ ጎን ከረጨ ውሃው በዚያ በኩል መንገድ አግኝቷል ማለት ነው፤ ቡናውን በደንብ በትኑና አስተካክላችሁ ጠቅጥቁ። ለቤትና ለባሪስታ ማሠልጠኛ እመክረዋለሁ። ከአንድ ደብል (በአንዴ ለሁለት ስኒ ከሚሠራ ቡና) ሁለት ማኪያቶ ለሚቀዳ ካፌ ግን ባለ ሁለት አፉ ይሻላል፤ ክፍቱ ለሁለት ስኒ አያካፍልም።

ጥያቄ፦ የእኔ ማሽን ማጣሪያ ድርብ ነው፣ ከታች አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ይርጋጨፌ ስሠራበት አረፋው ሞልቶ ጣዕሙ የለም።

መልስ፦ እርስዎ የሚያስፈልግዎ ሌላ ፖርታፊልተር ሳይሆን ሌላ ማጣሪያ ነው። ድርቡ ግፊቱን የሚፈጥረው በዚያች ቀዳዳ ስለሆነ አረፋው የቡናው ጥራት ምልክት አይሆንም። በቀዳዳዎች የተሞላ ነጠላ ማጣሪያ ይግዙ። ግን አደራ፣ ደህና መፍጫ ከሌለዎት አይቀይሩ፤ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ጠንካራ ስለሆነ ከጥቁሩ ይልቅ ደቀቅ ብሎ መፈጨት አለበት። ደብሉ ላይ 18 ግራም አድርገው ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ወደ 36 ግራም እስኪወርድ ድረስ አፈጫጩን ያስተካክሉ።

ጥያቄ፦ ድሮ ፊት ለፊት ይቆም የነበረው እጀታ አሁን ወደ ቀኝ ያልፋል። ፖርታፊልተሩ ተበላ ማለት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ጎሚኒውን፣ ማለትም ራሱ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ማሸጊያ፣ ቀይር። ድርቅ ብሎ ከሆነ አልቋል። በኢ61 ላይ 8 እና 8.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው አሉ፤ አዲሱ 8 አሁንም ካለፈ 8.5 አድርግበት።

ጥያቄ፦ ናስ ይሻላል አሉሚኒየም?

መልስ፦ ክሮም የተቀባ ናስ። ክብደቱ ሙቀት ይይዛል፣ ግን ማሽኑ ላይ ተቆልፎ አብሮ መሞቅ አለበት። በተለይ አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከማንቆርቆሪያ ፈልቶ የሚደፋበት ውሃ የማሽኑ ሙቀት ላይ አያደርሰውም። አሉሚኒየም ያላችሁ ደግሞ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን አታጥቡት፤ ይጠቁራል።