ከቤቱ ሌላ ምን እንመዝግብ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ቀበሌው "ከክረምት በፊት ለጎርፍ የተጋለጠውን መዝግባችሁ አምጡ" ብሎናል። ቤቶቹን ቆጥረን ጨርሰናል። አንዳንዱ አባል "የወንዙ ዳር ግንብ ከተሠራ ወዲህ ምን ስጋት አለ?" ይላል። ሌላው የ98ቱን ጎርፍ እያነሳ ይጨነቃል። ከቤት ሌላ ምን እንመዝግብ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የሚጨነቁትን ስሟቸው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ የመጣው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ የሚጥለው ግን ላይ፣ ደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው። ከተማው ጠብ ሳይልበት ውሃው ሊደርስ ይችላል።

ያንን ሌሊት ያዩ ሰዎችን ይዛችሁ በቀን በየመንገዱ ዙሩ። ውሃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ ያሳዩዋችሁ፤ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ከዚያ አንድ ግንበኛ ጥሩ። የውሃ ልክ በሚያወጣበት ውሃ የተሞላ ቀጭን ጎማ ያንኑ ከፍታ ወደ አጠገቡ ቤቶችና ተቋማት ያሻግርላችሁ። ግን ደቻቱ እየወረደ የሚሄድ ወንዝ ስለሆነ፣ ራቅ ስትሉ ሌላ ምልክት ፈልጉ። በአንዱ ልክ ሰፈሩን ሁሉ አትለኩ።

ግንቡ ጠቅሟል፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የትኛውም ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ መጠን ነው። የወንዙ ወለል በአሸዋ በተሞላ ቁጥር ደግሞ ግንቡ እያጠረ ይሄዳል። ከአሸዋው እስከ ድልድዩ ሆድ ስንት ሜትር እንደቀረ ለኩና ጻፉ። በየዓመቱ ለኩት። የሰፈራችሁ ቦይ ወደ ወንዙ የሚወጣባቸውን ቱቦዎችም እዩ። እነሱ ከተደፈኑ፣ ደቻቱ ሳይሞላም የራሳችሁ ዝናብ ከግንቡ ወዲህ ተጠራቅሞ ቤት ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እያንዳንዱን ተቋም ስትመዘግቡ "ውሃ ይገባበታል ወይ?" ብላችሁ አታቁሙ። "በዚያች ሌሊት ሥራውን ይሠራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጤና ጣቢያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ጀነሬተሩስ? መሬት ላይ ከተቀመጠ ሕንፃው ደርቆ ጨለማ ይሆናል፣ የክትባቱም ማቀዝቀዣ ይጠፋል። የምትጠጡት የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ያለ ፓምፕ አይወጣም፣ ፓምፑ ያለ መብራት አይሠራም። ስለዚህ ትራንስፎርመሩና የፓምፑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ከቀለም ምልክታችሁ በላይ ነው በታች? የጉድጓዱ አፍስ ጎርፍ እንዳይገባበት ተከድኗል? ይህን የመብራትና የውሃ ሠራተኞችን ጠይቁ፤ ሳጥኑን ራሳችሁ እንዳትነኩ።

ቀጥሎ መሻገሪያ። የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ሰፈር የሚለየው ይኸው ደቻቱ ነው። ሆስፒታሉ ለእናንተ ማዶ ነው ወይስ ወዲህ? ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘጋው የትኛው መንገድ ነው? ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትልቅ ሰው ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል። "ትንሽ ነው፣ እንሻገራለን" የሚባልበትን ቦታ በቀይ አስምሩበት።

ትምህርት ቤቱን መጠለያ አድርጋችሁ ከጻፋችሁ፣ ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር አብራችሁ ጻፉ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም የድምፅ ማጉያ አላቸው። መብራት ሲጠፋ የሚሠራው የትኛው ነው? ደንገጎ በኩል ደውሎ "ዝናቡ ከብዷል" የሚላችሁ ሰው አላችሁ? ስልኩን የሚያነሳውስ ማነው? በ2012 ሚያዝያም ጎርፍ መጥቶ ሰው ሞቷል፤ ስልኩን የሚጠብቀው ተረኛ ከበልግ ይጀምር።

የዕድሩን ንብረት ደግሞ እንዳትረሱት። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ የተፈናቀለ ሰው የሚያድርበትና የሚበላበት ነው። ዕቃ ቤቱ ወንዝ ዳር ከሆነ ዘንድሮውኑ አዛውሩት። ትልቁ ሀብታችሁ ግን መዝገባችሁ ነው። ማን የት እንደሚኖር የእናንተን ያህል የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። የአልጋ ቁራኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ማየት የተሳነው ያለበትን ቤት ለይታችሁ፣ በየቤቱ አንድ ጎረቤት መድቡ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ተከራይ ብዙ ጊዜ ዕድር ውስጥ የለም። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያለው ርካሽ ክፍል የሚከራየው ደግሞ ከገጠር አዲስ ለመጣ ሰው ነው፤ የ98ቱንም አያውቅም። እባክዎ ቤት ለቤት ሄዳችሁ እነሱንም መዝግቧቸው።

ስትጨርሱ አንዱን ቅጂ ለቀበሌው ስጡ። ሌላው ከቀለም ምልክታችሁ በላይ ባለ ቤት ይቀመጥ።