የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ዘይት፦ በ1,000 ወይስ በ10,000?

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ! የሰላም ያድርግልህ።

ጥያቄህን እንደገባኝ ልድገመው። አዲስ የቤንዚን መኪና ወስደሃል፣ አሁን 1,400 ኪሎሜትር ላይ ነው። የሸጡልህ ሰዎች ዘይት 10,000 ላይ ነው የሚቀየረው ብለውሃል። መካኒክ ወዳጅህ ደግሞ 1,000 ላይ ካልቀየርክ ሞተሩን ገደልከው አለህ። ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮስ ሁልጊዜ ልቀይር ወይስ አንዴ እየዘለልኩ ነው የምትለው።

አጭሩን ላስቀድም። ሞተሩን አልገደልከውም። 10,000ም ላንተ ትክክለኛው ቁጥር ላይሆን ይችላል። ፊልትሮው ግን ሁልጊዜ ከዘይቱ ጋር ይቀየራል፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

እኔ ሁለት መኪና ከዜሮ ኪሎሜትር ጀምሬ ነድቻለሁ። በመጀመሪያዋ የወዳጅህን ምክር ነው የሰማሁት፣ 1,000 እንደሞላች አስቀየርኩ። የወጣውን ዘይት ፀሐይ ላይ ሳየው የብር ቀለም የተበጠበጠበት ይመስል ያብለጨልጫል። በጣም ደነገጥኩ። መካኒኩ ግን ይህ የሚጠበቅ ነው ብሎ አስረዳኝ። አዲስ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ፋሻ የሚባሉት፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ገና አልተላመዱም። ግድግዳው ራሱ ሲሠራ ሆን ተብሎ በቀጫጭን የተጠላለፉ ጭረቶች ይሞላል፣ ዘይት እንዲይዝና ቀለበቶቹ እየተፋተጉ ልካቸውን እንዲያገኙ። ከዚያ ፍትጊያ የሚወጣው ደቃቅ ብረት ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ሲገጣጠም የተቀባው ቅባትና ከማሸጊያው የሚለቀቀው ሲሊከንም እዚያው ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘይት ላብራቶሪ ቢመረመር ብረቱ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ከዚያ በቀጣዮቹ ቅያሪዎች እየወረደ ይሄዳል። ወዳጅህ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የተናገረው ማለት ነው። የድሮ ሞተሮች አሠራራቸው ሻካራ ስለነበር ይህ ምክር በጊዜው ልክ ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። የዛሬ ሞተር ክፍሎቹ እጅግ በጠበበ ልኬት ነው የሚቆረጡት፣ ከመገጣጠማቸው በፊትም በደንብ ይታጠባሉ። ብዙ አምራቾች ለመጀመሪያው ቅያሪ ለብቻው ቁጥር አያወጡም፣ ከመደበኛው ጋር ያስኬዱታል። ሆንዳማ በመመሪያዎቹ ላይ ፋብሪካ የሞላውን ዘይት ጊዜው ሳይደርስ አትቀይሩ ነው የሚለው። በሌላ በኩል ቢኤምደብሊው ኤም ለሚላቸው የስፖርት መኪኖቹ 2,000 ኪሎሜትር ገደማ ላይ የመጀመሪያ ሰርቪስ ያዛል፣ ዘይትና ፊልትሮው ያኔ ይቀየራል። ሁለቱም ሞተራቸውን ያውቁታል፣ ሁለቱም የሚሉት የየራሳቸውን ሞተር ነው። እና ያንተ መኪና መመሪያ መጽሐፍ ከእኔም፣ ከወዳጅህም፣ ከሻጮቹም ይበልጣል። የጥገና ሰንጠረዡን አውጣና አንብበው።

ስታነብ ግን አንድ ነገር ልብ በል። አብዛኛው መመሪያ ሁለት ሰንጠረዥ አለው። አንዱ ለመደበኛ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ። ሰው ሁሉ ራሱን መደበኛው ላይ ነው የሚመድበው። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነው ሁለተኛዋ መኪናዬ ላይ የተሳሳትኩት።

ለእሷ የተጻፈው 10,000 ወይም አንድ ዓመት ነበር። በቃ እጠብቃለሁ አልኩ። የምነዳው ግን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ አራት ኪሎሜትር ሄጄ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ አጠፋታለሁ። 6,000 ገደማ ላይ አንድ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ጠበቀኝ። ማንም አልጨመረም። አሸተትኩት፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ለካ ሞተር ገና ቀዝቃዛ ሳለ ብዙ ነዳጅ ነው የሚሰጠው፣ ያልተቃጠለው በፋሻዎቹ ጎን እየሾለከ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ይብሳል፣ የኔዋም እንደዚያ ነበረች። የውኃ ተንም አብሮ ይገባል። ረዘም ያለ መንገድ ብትነዳ ሞተሩ ሞቆ ሁለቱንም ያተናቸዋል፣ በአጭር በአጭሩ ከሆነ ግን እየተጠራቀሙ ዘይቱን ያቀጥኑታል። የቀጠነ ዘይት ብረትና ብረትን አራርቆ መያዝ ያቅተዋል። በዚያው ሳምንት አስቀየርኩ፣ ከዚያ ወዲህ 10,000 ጠብቄ አላውቅም።

ከባድ የሚባለው ጭነት መጎተት ብቻ አይደለም። አጫጭር ጉዞ፣ አቧራማ መንገድ፣ ኃይለኛ ሙቀት፣ ቆም ሄድ የሚል መጨናነቅ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ መጠበቅ፣ ሁሉም ከባድ ነው። ከእነዚህ አንዱ የዕለት ኑሮህ ከሆነ ሁለተኛውን ሰንጠረዥ ተከተል፣ እሱ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ለምን እንደሆነ በሰዓት ብታስበው ቶሎ ይገባሃል። በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው 10,000ን በ125 ሰዓት ይጨርሳል። በመጨናነቅ ውስጥ በአማካይ 20 የሚሄድ ደግሞ ለዚያው ርቀት ሞተሩ 500 ሰዓት ይሠራል። ኪሎሜትር ቆጣሪው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ዘይቱ ግን አራት እጥፍ ነው የሠራው። ጊዜም ራሱን ችሎ ይቆጠራል፤ መመሪያው 6 ወር ወይም 12 ወር ካለ ኪሎሜትሩ ባይሞላም ቀይር።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚወጣው የዘይት ማስታወሻ በብዙ መኪኖች ዘይቱን ቀምሶ አይደለም የሚናገረው። ሙቀቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ የጉዞውን ርዝመት እያሰላ የሚገምት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኪሎሜትርና ቀን ብቻ ይቆጥራል። ቀደም ብሎ ከጠራህ ስማው። ዝም ስላለ ግን አትዘናጋ።

አሁን ፊልትሮው። ውስጡ ዘይቱን በሌላ መንገድ የምታሳልፍ ማለፊያ ቫልቭ አለች፣ አንዳንድ መኪና ላይ ሞተሩ ላይ ነው የምትሆነው። ፊልትሮው ሲደፈን ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ትከፈታለች። ስትከፈት ዘይቱ ሳይጣራ ነው የሚዞረው። ሞተሩ ድምፁን አይቀይርም፣ መብራት አይበራም፣ አንተም አታውቅም። በዚያ ላይ አሮጌው ፊልትሮ አሮጌ ዘይት ይዞ ይቀራል፣ አዲሱን ገና ከመጀመሪያው ታቆሽሸዋለህ። አዲስ ሞተር ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ደቃቅ ብረት የተያዘው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ አትዝለል።

ሲቀየርልህ ቆመህ እይ። አንዴ አንድ ጋራዥ የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ሳያዩት አዲሱን በላዩ አሰሩልኝ። ብዙም ሳልርቅ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ዳር ይዤ ወዲያው አጠፋሁ፣ ወርጄ ሳይ ከሥር ዘይት በዘይት ሆኗል። ሞተሩ የተረፈው ቶሎ በማጥፋቴ ነው። ያ መብራት ከበራ እስከ ጋራዥ ልድረስ አትበል። አሮጌው ጎሚኒ አብሮ መውጣቱን በዓይንህ አረጋግጥ፣ አዲሱ ትንሽ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ይታሰር፣ የማፍሰሻው ቡሎን ሮንዴላም በአዲስ ይተካ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተህ ከሥር አጎንብሰህ እይ።

የዘይቱ ዓይነት መመሪያው ያለው ይሁን። 0ደብሊው-20 (የዘይቱ የቅጥነት ደረጃ ነው) ካለ ወፍራም ይሻላል የሚልህን አትስማ፣ መመሪያው ራሱ ሌላ ካልፈቀደ በቀር። ልኩም ይከበር፣ ከመጠን ካለፈ የክራንኩ ዘንግ እየመታው አረፋ ያደርገዋል።

እኔ አንተን ብሆን? መመሪያው ቀድመህ አትቀይር ካለ እተወዋለሁ። ዝም ካለ ከ5,000 አላሳልፍም፣ በተለይ አነዳድህ ከባድ ከሆነ። መመሪያው ካልከለከለህ፣ ለአእምሮህ እረፍት አሁኑኑ ልቀይር ካልክም የምትጎዳው ነገር አይታየኝም፣ ዓይነቱ ልክ ይሁን እንጂ። እስከዚያው ግን በየሳምንቱ መለኪያውን እይ። ደልዳላ ሜዳ ላይ አቁም፣ አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ መለኪያውን አውጥተህ ጥረገው፣ መልሰህ ክተተውና እንደገና አውጥተህ እየው። አዲስ ሞተር እስኪላመድ ትንሽ ዘይት ሊበላ ይችላል፣ ከታችኛው ምልክት እንዳይወርድ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አትርገጥ፣ በአንድ ፍጥነት ብቻም ለረጅም ሰዓት አትንዳ፣ ከፍ ዝቅ አድርገው።

ደረሰኙን አስቀምጥ፣ ቀኑና ኪሎሜትሩ ይጻፍበት፣ የዋስትና ጥያቄ ቢመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። የመኪናውን ሞዴልና በቀን ምን ያህል እንደምትነዳ ከነገርከኝ ደግሞ ሰንጠረዡን አብረን እናየዋለን።