«የመርፌው ሰዓት አለፈ፤ ምን ላድርግ?» ስኳር ላለባቸው ድመቶች ጥያቄና መልስ

ስኳር ያለባት ድመት ቤታችሁ ካለች፣ ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል ልመልስላችሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ፣ ሻሼ የምትባል ድመቴን 4 ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ወግቻታለሁ። የምነግራችሁ ከሐኪሟ የተማርኩትንና እጄ የለመደውን ነው። «ስንት ዩኒት ልስጣት?» የሚለውን ግን ለሐኪማችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ሱቅ ስዘጋ አመሸሁና የማታ 12 ሰዓቱን መርፌ ረሳሁት። ቤት የገባሁት 3 ሰዓት ነው። አሁን ልውጋው ወይስ ጠዋት ደርቤ ልስጠው?

መልስ፦ መደረብ ፈጽሞ የለም። አሁን ብትወጋው ደግሞ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የሚቀርህ 9 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሁለቱ መርፌዎች ይደራረባሉ። እኔ የያዝኩት ደንብ እንዲህ ነው፦ እስከ 2 ሰዓት ከዘገየሁ አብልቼ እወጋለሁ፣ ቀጣዩንም በተለመደው ሰዓቱ እሰጣለሁ። ከዚያ ካለፈ እዘለዋለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ተወው፣ ጠዋት የተለመደውን መጠን ስጠው። አንድ መርፌ የቀረበት ድመት ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣና ሲሸና ያድራል እንጂ አይሞትም። ሁለት መጠን የገባበት ግን ላይነጋለት ይችላል።

ጥያቄ፦ ወግቻት ይሁን አልወጋኋት ጠፋኝ። ጸጉሯ እርጥብ ሆኖ ስላገኘሁት ምናልባት ውጭ ፈስሶ ይሆናል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከተጠራጠርሽ አትድገሚ። ግማሹ ይግባ ሩቡ አታውቂም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ቀን እናቴ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወግታት ኖሮ፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ሳልጠይቅ ደገምኳት። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ከአልጋ ሥር የሚፋተግ ነገር ሰማሁ። ጎትቼ ሳወጣት የኋላ እግሮቿ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሰዋል፣ አንገቷ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ፈጧል ግን አያየኝም። ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ነበር፤ እናቴ የማር ዕቃውን አመጣች። በጣቴ እየነካሁ ድዷን ቀባኋት። ጉሮሮዋ ውስጥ ማፍሰስ አይገባም፣ ታንቃለች፤ የምትንዘፈዘፍ ከሆነም ጣትሽን ከጥርሷ መሀል አታግቢ፣ ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ከውጭ በኩል ቀቢ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምላሷን አወጣችና ላሰች። ያኔ ነው እናቴም እኔም የተነፈስነው። የተቀቀለ ጉበት አበላናትና እስኪነጋ በየግማሽ ሰዓቱ እያየናት አደርን፤ ማሩ ቶሎ ያልቃል፣ ኢንሱሊኑ ግን ለሰዓታት ይሠራልና። ሲነጋ ወደ ሐኪም ወሰድናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሪጁ ላይ ካላንደር ለጥፈን እርሳስ በክር አሰርንበት። ምልክቱ የሚደረገው መርፌው ከወጣ በኋላ ነው። ምልክት ካለ ማንም አይነካትም።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «8 ሰዓት» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። እኔ ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት እየተነሳሁ ስወጋ ከርሜ፣ ለካ በፈረንጅ ሰዓት ነው ጠዋት 2 እና ማታ 2 ያለው። ጎድቻት ይሆን?

መልስ፦ አልጎዳሻትም፤ እንቅልፍሽን ነው ያጣሽው። ትልቁ ነገር በሁለቱ መካከል ያለው 12 ሰዓት ነው፣ እሱን ደግሞ ጠብቀሻል። በአንድ ቀን ግን አታዙሪው። እያንዳንዱን መርፌ በግማሽ ሰዓት ብታዘገዪው በ6 ቀን ጠዋት 2 እና ማታ 2 ላይ ትደርሻለሽ። ለሐኪሙም ንገሪው፣ ሌላውም ሰው እንዳይሳሳት።

ጥያቄ፦ ሳቢያን መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየ። መርፌ አላሳለፍኩም፣ ድመቴ ግን ውሃ እየጠጣች ነው፣ ስኳሯም አልወርድ አለ። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምር ወንድሜ! በድሬ ሙቀት ኢንሱሊኑ ተበላሽቶብህ ይሆናል። የተበላሸ ኢንሱሊን በሰዓቱ ብትወጋም መርፌ እንዳመለጠህ ነው። በተበላሸው ላይ መጠን ጨምረህ ነገ አዲስ ብልቃጥ ስትከፍት ደግሞ ያ የጨመርከው በሙሉ ኃይሉ ይገባባታል፤ ስንት ድመት በዚህ ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች። ብልቃጡን ቀይር፣ የድሮውን መጠን ስጥ፣ ለሐኪምህ ደውል።

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ግን ፍሪዘር ውስጥ አይገባም፤ አንዴ በረዶ ከሆነ መጣል ነው። መብራት ሲጠፋ እኔ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ማሰሮውን እርጥብ አሸዋ በያዘ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጬ በእርጥብ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፣ ግን ከክፍሉ ሙቀት ያድነዋል። ንጹህ መሆን የሚገባው ደፍርሶ፣ ወይም ደመናማው እህል እህል ሆኖ ካየኸው አትጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ከፋርማሲ የሰው ስሪንጅ ብገዛ ችግር አለው?

መልስ፦ ብልቃጡን አንብቢ። የሰው ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ በሚሊሊትር 100 ዩኒት ነው፤ ለእንስሳት የሚሠራው ብዙ ጊዜ 40 ነው። ስሪንጁ ከብልቃጡ ጋር አንድ ቁጥር ይያዝ። ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ስሪንጅ ከቀዳሽ ሁለት ተኩል እጥፍ ትሰጫታለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጾም ስለሆነ ቤታችን ሥጋ የለም። ሽሮ በእንጀራ ሰጠኋት፣ አሽትታ ተወችው። መርፌዋን ልስጣት?

መልስ፦ እማማ፣ ካልበላች እንደ ወትሮው አይውጓት፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ይደውሉ። ጾሙ የእርስዎ ነው፣ እሷ ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። እንጀራና ፓስታ ስኳሯን ከፍ ያደርጉባታል። ከጎረቤት ትንሽ ሥጋ ወይም ዓሣ ያስመጡላት።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። ኢንሱሊን አጥቼ 3 ቀን አልወጋሁትም። ዛሬ ያስመልሰዋል፣ አይበላም፣ ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። አሁን አግኝቻለሁ፣ ልውጋውና ጠዋት ልየው?

መልስ፦ ጠዋት አትጠብቂ። ይህ አንድ መርፌ እንደማምለጥ አይደለም። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስብ እያቃጠለ፣ ደሙ እየተመረዘ ነው፤ ፈሳሽና ጨው በደም ሥር እየተሰጠው፣ ኢንሱሊኑም በሐኪም ዓይን ሥር ነው የሚገባው። ቤት ውስጥ አትወጊው። አሁኑኑ ሐኪምሽን ቀስቅሺ፤ ካላነሳ ሌላ ሞክሪ፣ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ለእናንተ ቅርብ ነው። ብልቃጡን፣ ስሪንጁን፣ መጨረሻ የወጋሽበትን ቀንና ሰዓት ይዘሽ ሂጂ። እስኪያነሱልሽ በፎጣ ሸፍነሽ አሙቂው። እኔም አልተኛም፣ የሆነውን ጻፊልኝ።