ለየካ አባዶዋ እህቴ፦ ከማን እንጀምር ላልሽው

ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬም ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶት ስለነበር መልሱን ለዛሬ አሳደርኩት። ሰባት ሆናችሁ፣ ሁላችሁም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በየአስራ አምስት ቀኑ እየተገናኛችሁ ሴት የጻፈችው ልብወለድ ልታነቡ አስባችኋል። «የምትወዷቸውን ሴት ደራስያን ጠቁሙን፤ ከማን እንጀምር?» ነው ያልሽው። ከስር ብዙ ሰው ስም ደርድሮልሻል። ይቅርታ ይደረግልኝና ግማሹ ያላነበበውን ነው የደረደረው። አንዱማ ሲድኒ ሼልደንን ጽፎልሻል፤ ሰውየው ወንድ ነው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። እናንተ ያሰባችሁትን እኛ ከአራት ዓመት በፊት ጀመርነው፤ ሞተብን፤ እንደገና ነፍስ ዘርቶ እስከ ዛሬ አለ። ከተማ መሀል ለሚኖሩት አይገባቸውም እንጂ ዳር ሆኖ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አብርሆትና ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት እዚያ፣ የለገሀር መጽሐፍ ሻጮች እዚያ፣ ቤትሽ ከቃሊቲ ማዶ። አንድ መጽሐፍ ፍለጋ ወጥተሽ ስትመለሺ ቅዳሜሽ አልቋል። ስለዚህ በእኔ የደረሰው በእናንተ አይድረስ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አትጀምሩ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

እኛ ዘጠኝ ነበርን። በወር 200 ብር ተባብለን የስድስት ወሩን በቅድሚያ አዋጣን። ገንዘብ ያዥ እኔ፣ መጽሐፍ መራጭም እኔ። ማን ሾመሽ ካልሽኝ ራሴን ነው የሾምኩት። ያን ሰሞን የማዕዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ስሙ ገንኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ነው፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ደራሲዋ አዲስ አበባ የተወለደች፣ ታሪኩ የጣልያን ወረራ፣ ጠመንጃ ያነሱት ሴቶች። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን ብዬ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ስድስት ቅጂ አስመጣሁ። 10,800 ብር። የዘጠኝ ሴት የስድስት ወር መዋጮ እልም አለ።

መጽሐፉ ከ400 ገጽ በላይ ነው። አጻጻፉም ጀማሪን አያስጠጋም፤ ንግግሩ በጥቅስ ምልክት አይለይም፣ ትረካው መሀል የፎቶግራፍ ገለጻ እየገባ ያቋርጠዋል። ከዘጠኛችን እንግሊዝኛ እንደ ልቧ የምታነብ ሁለት ብትገኝ ነው። የቀሩት ደግሞ አልገባንም ማለት አፈሩ። በመጀመሪያው ቀን «ደስ ይላል፣ እያነበብኩት ነው»። በሁለተኛው «ልጄ ታሞብኝ»። በሦስተኛው አራት ሰው። በአራተኛው እኔና ጀበናዬ ተፋጠጥን። አንዱን ቅጂ በኋላ የአንዷ ቤት ቴሌቪዥን ስር፣ ያጠረ እግር ተደግፎበት፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። 1,800 ብር የወጣበት ድጋፍ!

የሚያሳፍረውን ደግሞ ልንገርሽ። ስመርጠው እኔም አላነበብኩትም ነበር። የመረጥኩት ያነበብኩ ለመምሰል ነው።

2. አዳራሽ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተቱ። ኮንዶሚኒየም ቤት ጠባብ ነው፣ ዘጠኝ ሰው አያስቀምጥም፣ ባልም አለ፣ ልጅም አለ። ስለዚህ ሰፈራችን ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን የሚውለውን አዳራሽ ለሁለት ሰዓት እንድንጠቀምበት ጠየቅሁ። ስሙን አልጠራውም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ሴት ስልኳን ሳታስቀምጥ «የምን ስብሰባ ነው?» አለችኝ። ልብወለድ ልናነብ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ልብወለድ? ቤታችሁ አታነቡም?» ከዚያ ማኅበራችሁ የት ተመዘገበ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ነገ ነይ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊውን አገኘኋቸው፤ «በመሀላችሁ ወንድ የለም እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ነገም ሌላ ቀን ነው ብዬ ወጣሁ። ይቺን ቀልድ ለምን እንደተናገርኩ ከታች ይገባሻል።

በመጨረሻ ቦታ የሰጠችን የእኛው ብሎክ ግራውንድ ላይ ጸጉር ቤት ያላት ልጅ ናት። እሁድ ከሰዓት ገበያ ስለሚቀዘቅዝ «ኑ እኔ ጋ፣ ቡናውን ብቻ እናንተ አምጡ» አለች። ያዳነን ይሄ ነው። ምክንያቱም ልጅቷ እጇ ሥራ ላይ ነው፤ ሹሩባ እየሠራች ማንበብ አትችልም። «ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ» አለች። አንድ ዓይናቸው የደከመ እናት አሉን፤ እሳቸውም ተደሰቱ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ሰምቶ ያደገ ሰው መቼም መጽሐፍ ሲነበብለት አይጠላም። ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ደንበኛ ሳትቀር «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» ትለናለች።

3. አሮጌ መጽሐፍ ስትገዢ ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ገጹን አንድ በአንድ ግለጪ። እኔ ከመንገድ ላይ ሻጭ የገዛሁት ከ192 ወደ 225 ይዘላል። ሻጩን ተመልሼ ባገኘው «እህቴ፣ እሱማ ተራ ገጽ ነው» አለኝ!

ያ ገጹ የጎደለው መጽሐፍ ነው እንግዲህ ማኅበራችንን ከሞት ያስነሳው፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚቼል ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ፑሊትዘር የተሸለመ፤ ሴትየዋ በሕይወት ሳለች ያሳተመችው ብቸኛ ልብወለድ። ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን ነው፤ በደርግ ዘመን፣ ማዕከላዊ ታስሮ፣ ከሲጋራ ፓኬት በሚወጣ ወረቀት ላይ እየጻፈ። ወረቀቱ ተደብቆ እየወጣ ነው መጽሐፍ የሆነው። ይህን ታሪክ ብቻ ስነግራቸው ያ ሁሉ ሰበብ ጠፋ። «ሰው በሲጋራ ወረቀት የጻፈውን እኛ በወንበር ተቀምጠን ማንበብ ያቅተናል?» ያሉት ዓይናቸው የደከመው እናት ናቸው። የጎደለውን ገጽ ከሌላ ሰው ቅጂ ላይ በስልክ ፎቶ አንስቼ ሞላሁት።

እህቴ፣ በዚህ ጀምሩ። ዋናዋን ባለታሪክ ስካርሌት ኦሃራን ትጠያታላችሁ፣ ትወዷታላችሁ፣ ትሰድቧታላችሁ። የሰው ባል ስትመኝ «ውይ ይቺ ጉድ!» ይባላል፤ የአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት አልፎ ተርባ መሬት ስትቧጥጥ ደግሞ ጸጥ ይላል። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ስንት ዓይነት ክርክር ሰማሁ መሰለሽ።

ግን አንድ ቀን የሆነውን አልረሳውም። ከመሀላችን ቤሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት የሠራች ልጅ አለች። ከመጣች ጀምሮ ብዙም አትናገርም። ስለ ስካርሌት ስንንጫጫ ድንገት «እናንተ ስካርሌትን ነው የምታዩት። እኔ የማያት ሞግዚቷን ነው» አለች። ስካርሌትን ያሳደገቻትን ባሪያ ማለቷ ነው። «ይሄ ሁሉ ገጽ አልፎ ስሟ እንኳ አልተነገረም፤ ማሚ ብቻ ናት። እኔንም ማዳሜ ስምሽ አልያዝልኝ አለ ብላ ሌላ ስም አወጣችልኝ። ሰባት ዓመት በዚያ ስም ተጠራሁ።» የጸጉር ቤቷ ልጅ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች። እውነቷን ነው እኮ፤ ሚቼል ልቧ ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ጋር ነው። እኔ ስንቴ አንብቤው ያላየሁትን ቤሩት የኖረችው ልጅ አየችው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር!

ለዚያ መልሱ ቶኒ ሞሪሰን ናት፤ «ቢላቭድ»፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው። በ1993 ኖቤል የወሰደች ሴት ናት። ከባርነት ያመለጠች እናት አሳዳጆቿ ሲደርሱባት ልጇን ወደዚያ ከምትመልስ በገዛ እጇ ትገድላታለች፤ የተገደለችው ልጅ ናት ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ቤቱን የምትሞላው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1856 በአሜሪካ በእውነት የሆነ ነው፤ ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ሴት። ይሄ መጽሐፍ ከባድ ነው፤ አንብቡት አልልሽም። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ለሁለት ወር አነበብኩትና እሁድ እሁድ በአማርኛ ተረኩላቸው። ከቱሉ ዲምቱ ለገሀር መንገዱ እንደሆነ አያልቅም፤ ወንበር ካገኘሁ ሃያ ገጽ፣ ከቆምኩ አስር። ያኔ ነው «ዘ ሻዶው ኪንግ»ንም ከካርቶን ያወጣሁት። ሂሩት የምትባል ሰው ቤት ያደረች ልጅ፣ አባቷ የተወላት ውጅግራ፣ ጌታዋ ጠመንጃውን ሲነጥቃት... እንደ ተረት ስነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ማዕዛ የራሷ ቅድመ አያት ለጠመንጃው አባቷን ከስሳ ዘምታለች ብላ የተናገረችውን ስጨምርላቸውማ አበቃ። ቤሩት የኖረችው ልጅ አንዱን ቅጂ ወስዳ በመዝገበ ቃላት እየታገለችው ነው አሁን። ሰው ሳይገደድ ሲሆን እንዲህ ነው።

4 እያልኩ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ተምታታብኝ፣ ተይው። የቀሩትን በአጭር በአጭሩ ልበልሽ።

የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ይግባ። ልብወለድ አይደለም፣ የሕይወት ታሪኳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያወጣችው ነው። እኛም ጋ አንዷ «ሕጋችን ልብወለድ ነው» ብላ ተከራከረች፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሕጉን ራሷ ረሳችው። ስለ ኢሕአፓና ስለዚያ ትውልድ ነው፤ ፍቅሩም አለ፣ እስሩም አለ። ግን ስታነቡ ከመሀላችሁ በዕድሜ የገፉ ካሉ ቀስ በሉ። ዓይናቸው የደከመው እናት ወንድማቸውን በዚያ ዘመን ነው ያጡት፤ ሁለት እሁድ ቀርተው በሦስተኛው መጥተው «ከቆማችሁበት ቀጥሉ» አሉን። የዚችው የሕይወት ተፈራ «ምንትዋብ» ደግሞ ልብወለድ ነው፤ ታሪክ ለምትወድ።

ሙስሊም ጎረቤቶች ካሏችሁ፣ ባይኖሯችሁም፣ የሴኔጋሏ ማሪያማ ባ፤ በእንግሊዝኛ «ሶ ሎንግ ኤ ሌተር» የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይኛ የጻፈችው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ለጓደኛዋ የምትጽፈው አንድ ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ባልየው ደግሞ ሳይሞት በፊት የልጁን ጓደኛ አግብቶባት ነበር። መቶ ገጽ አይሞላም። የእንግሊዝኛውን አንድ ቅጂ ይዤ እኔ እየተረጎምኩ አነበብን፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትጠብቀውን የዒዳ ሥርዓት ደግሞ አንዷ ጎረቤታችን ከራሷ ቤት ታሪክ አስረዳችን። ደራሲዋ መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ ሞተች። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ማንም አይሰማኝም እንጂ።

የናይጄሪያዋ ቡቺ ኤመቼታ፤ ባሏ የ«ዘ ብራይድ ፕራይስ» ልብወለዷን ረቂቅ ያቃጠለባት ሴት። እንደገና ጻፈችው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ታተመ። ይህን ለባሎቻችሁም ንገሩ። ሌላዋን ናይጄሪያዊት ቺማማንዳ አዲቼን ሁሉም ስለጠቆመልሽ አልደግመውም፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለቻት ግን «ፐርፕል ሂቢስከስ»ን ለልጇ ትስጣት፤ ተራኪዋ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ናት።

ከእኛዎቹ ቀደም ካሉት ጸሐይ መላኩን አትዝለሏት፤ «ቋሳ»፣ «አንጉዝ»። አዲስ መደብር ውስጥ ጠይቀሽ ካጣሽው አሮጌ የሚሸጡት ጋ ፈልጊ። አሁን «በአማርኛ ሴት ደራሲ የለም» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። አሉ፤ የሚያሳትምላቸው ነው ያነሰው።

የእኔን «ቋሳ» አንዲት ልጅ ለሳምንት ብላ ወስዳ ሳትመልስልኝ ቤት ቀየረች። የት ገባች ስል እናንተው ጋ፣ የካ አባዶ ነው አሉኝ። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ሽፋኑ በላስቲክ የተለበጠ ነው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የእናቴ ፊርማ አለ። ከሰባታችሁ አንዷ «እኔ ቤት አለ» ብላ ይዛው ከመጣች፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።