ዱባው ይቀረጽ ወይስ ይቀቀል? የመፀው ጥያቄዎች ከጅማ

በዚህ ወር ከጅማ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ በአንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። የመጀመሪያውን በሰፊው መልሰነዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ከእሱ የሚቀጥሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ በስልክ የውጭ አገሩን ወቅት እያዩ ቀንተዋል፤ ቅጠሉ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ይረግፋል፣ ዱባው ተፈልፍሎ ዓይንና አፍ ወጥቶለት ሻማ ይበራበታል። አምና ለምነውኝ አንድ ትልቅ ዱባ ገዝቼ ቀረጽንላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሸተተና ወጥ ሊሆን ይችል የነበረውን ዱባ ጣልነው። ልጆቹን ደስታ ልከለክላቸው አልፈልግም፤ ቤቱን በራሳችን ወቅት መልክ ላስጊጥ ብል ግን ከየት እንደምጀምር ቸገረኝ።

መልስ፦ እህታችን፣ ዱባው የሸተተው በእርስዎ ስህተት አይደለም። ዱባ የመቅረጹ ልማድ መነሻው አየርላንድ ነው፤ እዚያ ቀድሞ ይፈለፈል የነበረው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ሥራ ሥር ሲሆን፣ ስደተኞቹ አሜሪካ ሲደርሱ ለመፈልፈል የሚቀለውን ዱባ አገኙ። የጥቅምት መጨረሻ በሚበርድበት አገር ደጃፍ ላይ የተቀመጠ የተፈለፈለ ዱባ ጥቂት ቀናት ይሰነብታል። ጅማ ላይ ግን በዚያው ወር የክረምቱ እርጥበት ከግድግዳው እንኳን ገና አልወጣም፤ ቀኑም ይሞቃል፤ የተከፈተ ዱባ እንዲሻግት ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አይገኝም።

ልጆቹ የእኛ ዛፍ ስለምን ቅጠሉን እንደማያቀላ መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱም እንደ ተረት ሊነገር የሚችል ነው። በሰሜን አገሮች መስከረም ሲያልፍ ቀኑ በፍጥነት ያጥራል፣ ብርዱም ይበረታል፤ ዛፉም ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ማምረት ስለሚያቆም ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል፣ በአንዳንዱም ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም ይጨመራል። ጅማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። የእኛ ዛፍ ቅጠሉን የሚጥለው በአብዛኛው ውሃ ሲያጣ፣ ማለትም በበጋ ነው። ስለዚህ እነሱ ዘንድ ምድር የምትራቆትበት ጊዜ እኛ ዘንድ የምታብብበት ነው። ከአውሮጳ ብርዱን ሸሽተው የሚሰደዱ ወፎችም ከመስከረም ጀምሮ ኢትዮጵያ መድረስ ይጀምራሉ፤ ልጆቹ በስልክ የሚቀኑበትን ወቅት ወፎቹ ጥለውት እንደሚመጡ ቢነግሯቸው ቅናቱ ጥቂት ይበርድ ይሆናል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር እንበል። ብዙ ሰው ይህንን የአበባ ወቅት ፀደይ ይለዋል፤ በቆየው አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ሲሆን፣ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመፀው መጀመሪያ አርባ ቀናት፣ እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ዘመነ ጽጌ ተብለው ይጠራሉ። ልጆቹ በትምህርት ቤት ሌላ ተምረው ከመጡ ግን ስለ ስሙ አይጣሏቸው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የእኛ ሐሳብ ጌጡን ለብቻው ከመፈለግ ይልቅ ወቅቱ ራሱ ከሚያመጣው ሥራ እንዲያወጡት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ወቅት ጓዳ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ነገር ሁሉ ከመግባቱ በፊት ለዓይን የሚያምር ነው። ዱባውን ይግዙ፤ ግን አይክፈቱት። ልጣጩ የጠነከረ፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳ፣ አንገቱ ያልተሰበረ ዱባ ይምረጡና በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ መሬት ሳይነካ፣ ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። እንዲህ የተያዘ የበሰለ ዱባ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። ልጆቹ ፊት ሊያወጡለት ከፈለጉ በከሰል ወይም በጠመኔ ይሳሉበት፤ ታጥቦ ይለቃል፤ የሰለቻቸው ቀን ዱባው ወጥ ይሆናል፣ ፍሬውም ታጥቦና ደርቆ በጨው ይቆላል።

ሁለተኛው የበቆሎ ጉንጉን ነው። የደረቀውን በቆሎ ሽፋኑን ሳይገነጥሉ ወደ ኋላ ገልብጠው እርስ በርሱ ይጎነጉኑትና ከምሰሶ ወይም ከወራጅ ላይ ይስቀሉት። የገጠሩ ሰው ለዘር የመረጠውን በቆሎ ከምድጃ በላይ የሚሰቅለው ጭሱ ከነቀዝ እንዲጠብቅለት ነው፤ ሳሎን ውስጥ ጭስ ስለሌለ በየሳምንቱ ነቀዝ እንዳልገባበት ማየት ያስፈልግዎታል። ከተፈለፈለው ቆረቆንዳና ከበቆሎው ፀጉር ሴቶች ልጆች አሻንጉሊት ሠርተው ፀጉሯን ይሠሯት እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል፤ የእርስዎ ልጆች ይህንን ካላወቁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃቸዋል።

ቅል ትዕግሥት ይጠይቃል። የበሰለው ቅል ሲወዘወዝ ፍሬው ውስጡ እስኪንኳኳ ድረስ ጥላ ሥር መድረቅ አለበት፤ ይህም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ከዚያ አፉ ይከፈታል፣ ውስጡ ይፋቃል፣ ምሬቱ እስኪወጣ ውሃ እየተለወጠ ይዘፈዘፋል። ላዩ ላይ በጋለ ብረት የሚደረገውን ጌጥ ትልቅ ሰው ይሥራው፤ ልጆቹ ንድፉን ብቻ ያውጡ።

አደይ አበባን በተመለከተ ልመናችን አንድ ነው፤ ከሥሩ አይነቀል። ዘሩን ሳይጥል የተነቀለ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ቦታ አይገኝም። በማለዳ በመቀስ ተቆርጦ፣ ውሃው በየቀኑ እየተለወጠ ይቀመጥ። ልጆች ከሜዳ ከሚሰበስቡት ነገር ውስጥ ግን ሁለቱን ከእጃቸው ያስጥሏቸው፤ እነሱም ዥንጉርጉሩ የጉሎ ፍሬና እሾሃማው የአስተናግር ፍሬ ናቸው። ሁለቱም ለጌጥ የሚያጓጉ፣ ሁለቱም መርዛማ ናቸው፤ በተለይ የጉሎ ፍሬ ዶቃ መስሎ ስለሚታይ ትንሹ ልጅ ወደ አፉ ሊከተው ይችላል።

የሚበላውን ሳንጠቅስ አናልፍም። እሸት የሚጠበሰውና የሚቀቀለው የታወቀ ነው፤ የእሸት ዳቦ ግን ከብዙ የከተማ ቤቶች እየጠፋ ነው። ፍሬው በጥፍር ሲጫን ወተቱ የሚወጣ፣ ነገር ግን ወተቱ የወፈረለት በቆሎ ይመረጣል፤ ገና ውሃ ከሆነ ዳቦው አይያዝም፣ ከጠነከረም ይሻክራል። ተፈልፍሎ በድንጋይ ወፍጮ ወይም በብሌንደር ይፈጫል፤ ውሃ አይጨመርበትም። ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥቂት ለጋ ቅቤና የተወቀጠ ኮረሪማ ይገባበታል፤ ኮረሪማው ደግሞ የዚሁ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ተወላጅ ነው። በእሳት ለብ ተደርጎ በተለሰለሰ ኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጣልና አክንባሎ ይደፋበታል፤ እሳቱ መለስተኛ ይሁን፣ አንድ ጊዜ ይገልበጥ። እርሾ አያስፈልገውም፤ ጣፋጭነቱ ከእሸቱ ስለሆነ ስኳርም አያስፈልገውም። እኛ ትኩሱን ከቡና ጋር እንመርጣለን፤ ልጆች በማር ይወዱታል።

ጥያቄ፦ በሥራ ዝውውር ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ከመጣሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ክረምቱን ከቤት ሳልወጣ አሳለፍኩት። አሁን ቅዳሜና እሑድ ከባለቤቴ ጋር ወዴት ብንሄድ ይሻለናል? ቡና ሲለቀም ማየትም እንፈልጋለን፤ ዝም ብሎ ጫካ መግባት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አትቸኩሉ። የጅማ ዝናብ እንደ አዲስ አበባው መስቀል ላይ በቃኝ አይልም፤ እየሳሳ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የገጠሩ መንገድም ጭቃው ቶሎ አይደርቅም። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለመንገድ ይመቻሉ፤ የቡናው ፍሬም በዚያው ሰሞን እየቀላ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለጅሬን ስጡት። ከከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ክረምቱ ካጠበው አየር በኋላ ሲታይ ሌላ ነው፤ ከዚያ ላይ ጅማና ዙሪያዋ ያለው አረንጓዴ ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው የቆዩ ንጉሥ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱን የእንጨት ሥራ ቀስ ብላችሁ እዩት፤ ከዚያ ወደ ከተማ ተመልሳችሁ የንጉሡ መገልገያዎች ያሉበትን የጅማ ሙዚየም ብታዩ ነገሩ ይሟላል። ዓይናችሁ እንጨቱን ከለመደ በኋላ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ስትገዙ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ከተገጣጠመው ትለያላችሁ።

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ የቦዬ ረግረግ ይገኛል። ለወፍ የሚሆነው ሰዓት ማለዳ ነው። ጉማሬም ስላለበት ወደ ውሃው ዳር አትጠጉ፤ በተለይ ሲመሽ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውሃ የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ በዚያ ሰዓት እዚያ መገኘት የለባችሁም።

ቡናውን ለማየት በጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አካባቢ ያለችው ጮጬ ትታወቃለች፤ ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእሷ ነው የሚል ትረካ አላት። ከፋም ተመሳሳይ ትረካ ስላለው እዚህ ዓምድ ላይ ለማንም አንፈርድም። ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ደግሞ በለጠ-ጌራ የሚባለው ደን አለ፤ በዚያ ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደ ጫካ ተክል ሆኖ ይታያል።

ጥያቄህ ላይ "ዝም ብሎ" ያልከው ቃል ግን አሳስቦናል። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ጫካ የሚመስለው የቡና መሬት ባለቤት አለው፤ ያልተተከለ የሚመስለው ቡና እንኳን በአካባቢው ልማድ የማን እንደሆነ ይታወቃል። በለቀማ ሰሞን ከዛፍ ሥር የተገኘ ጸጉረ ልውጥ በጥርጣሬ ቢታይ አይፈረድም። መጀመሪያ ሰው ይዛችሁ፣ ባለቤቱን ሰላም ብላችሁና አስፈቅዳችሁ ግቡ። ከተፈቀደላችሁ አብራችሁ ልቀሙ፤ ቀዩን ብቻ አንድ በአንድ መልቀም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በአንድ ጠዋት ይገባችኋል። ያልበሰለው ከተቀላቀለ ጣዕሙን ያበላሻል፤ ስለዚህ ለማገዝ ብላችሁ አረንጓዴውን ጠራርጋችሁ ከቅርጫት ብትጨምሩ ባለቤቱ በይሉኝታ ዝም ይላችኋል እንጂ አይደሰትም። የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡናም ሳትጠየቁ አትንኩት፤ እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ሁለት ሦስት ሳምንት እየተገላበጠ የሚደርቅ ነው፤ አንድ ምሽት ዝናብ ካገኘው ልፋቱ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል።

ዕድል ቀንቷችሁ የኦሮሞ ቤተሰብ ቤት ከተጋበዛችሁና «ቡና ቀላ» የሚባለው ከቀረበላችሁ፣ አትለፉት። ከነገለባው የደረቀው ፍሬ ጫፉ ተቆርጦ በቅቤ ይቆላል፤ ከጨው ጋር ቅቤውም ፍሬውም ይቀርባል። አዲስ አበባ ውስጥ የለመዳችሁት ቡና ይጠጣል፤ ይህኛው ይበላል። ለመንገዱ ጋቢ ያዙ፤ ከኅዳር ጀምሮ ማታው ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ስፌት ለመጀመር ብዬ ከዘመዶቼ የተላከልኝን ስንደዶና አለላ በፌስታል ቋጥሬ አልጋ ሥር አስቀምጬው ነበር። አሁን ስፈታው ሻግቷል። ይጣል? (ከጅማ፣ ጀማሪ ሰፊ)

መልስ፦ ያሻገተው ፌስታሉ ነው። ስንደዶ ደረቅ ቢመስልም በጅማ አየር እርጥበት ይስባል፤ ፌስታል ደግሞ የገባውን እርጥበት አያስወጣም። አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ሸፍነው ደጅ ላይ ይዘርጉት፤ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ነጩ ሻጋታ ከላዩ ብቻ ከሆነ ይለቃል። ጥቁር ነጠብጣብ ገብቶበት ሲታጠፍ የሚሰበረውን ግን ያስወግዱ፤ ከውስጥ ተደብቆ ይገባል ብለው አያስቡ፤ የተሰፋው ነገር ሰፌድም ሆነ ሙዳይ ምግብ ይነካል። ስንደዶውን ፀሐይ ላይ፣ አለላውን ግን ቀለሙ እንዳይለቅ ጥላ ሥር ያድርቁት። ከዚያ በኋላ በጨርቅ ከረጢት ከግድግዳ ራቅ አድርገው ይስቀሉት። ሲሰፉ የዕለቱን ያህል ብቻ በውሃ ያርጥቡ፤ የተረፈውን እርጥብ ሰበዝ ከደረቁ ጋር መልሰው አይቀላቅሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መሶብ አይሞክሩ፤ ከትንሽ የስኒ ማስቀመጫ ይጀምሩ፤ ወስፌውም ቀጭኑ ይሁን።