የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሟች ባል የምክር ቤት ወንበር ለሚስት እንዴት ይደርሳል?

ከዚህ በታች የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ባሎቻቸው በሞት ሲለዩ የፖለቲካ ወንበራቸውን ስለተረከቡ ሴቶች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ የኮንግረስ አባል ሲሞት ሚስቱ ትተካለች ሲባል እሰማለሁ። ሕግ ነው ወይስ ልማድ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልማድ ነው። በሕግ ፊት ሚስት ከማንኛውም ዜጋ የተለየ መብት የላትም። የሁለቱ ምክር ቤቶች አሠራር ስለሚለያይ ግን ለየብቻ ማየቱ ይሻላል።

በተወካዮች ምክር ቤት ሹመት የሚባል ነገር የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 ክፍል 2 የተጓደለ ወንበር በምርጫ እንዲሟላ ስለሚያዝ፣ የአገረ ገዥው ሥልጣን የማሟያ ምርጫ መጥራት ነው። ቀኑ የሚወሰነው በየግዛቱ ሕግ ነው። የካሊፎርኒያው ቦብ ማትሱይ ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ዐርፈው ባለቤታቸው ዶሪስ ማትሱይ ማርች 8 ቀን ተመረጡ። የቺካጎው ጆርጅ ኮሊንስ ግን ዲሴምበር 8 ቀን 1972 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞቱ፣ ካርዲስ ኮሊንስ የተመረጡት በቀጣዩ ዓመት ጁን 5 ቀን ነበር። ምርጫው ሲፋጠን ተፎካካሪው ስሙን ለማስተዋወቅና ገንዘብ ለማሰባሰብ ጊዜ ያጥረዋል፤ የሟቹን ስም የያዘችውን ግን ሁሉም ያውቃታል። ሰው አዝኖላት መረጣት የሚባለውን ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ የቀኑ ማጠር ይሠራል ብለን እናምናለን።

ወንበሩ ባዶ በሆነበት ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ አይዘጋም። ሠራተኞቹ በምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሥር ሆነው የቪዛ፣ የጡረታና የመሳሰሉትን ጉዳዮች መከታተላቸውን ይቀጥላሉ፤ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ብቻ ነው የማይኖረው። በሟቹ ቢሮ በኩል የተያዘ የቤተሰብ ጉዳይ ያለው ሰው ወደዚያው ቢሮ መደወል ይችላል።

በሴኔት ነገሩ ሌላ ነው። በ1913 የጸደቀው 17ኛው ማሻሻያ የግዛት ምክር ቤቶች ለአገረ ገዥው ጊዜያዊ ሹመት የመስጠት ሥልጣን እንዲሰጡ ይፈቅዳል። አብዛኞቹ ሰጥተዋል፤ እንደ ኦሪገንና ዊስኮንሲን ያሉት ግን በምርጫ ብቻ ይሞላሉ። አገረ ገዥ መበለቲቱን የሚሾመው ብዙ ጊዜ ከሒሳብ ነው። ወንበሩን ከሚፈልጉት የፓርቲው ሰዎች አንዱን ቢሾም ሌሎቹን ያስቀይማል፤ እሷን ከሾመ ሁሉም እስከ ምርጫው ይታገሣሉ።

ጥያቄ፦ እወዳደራለሁ ያለች ሚስት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ታደርጋለች? የባሏን የዘመቻ ገንዘብስ ትወርሳለች? (ከሲያትል)

አትወርስም። ገንዘቡ የምርጫ ዘመቻ ኮሚቴው እንጂ የቤተሰቡ ንብረት አይደለም፤ ለቤት ወጪ ማዋል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የባሏ ኮሚቴ ለእሷ ኮሚቴ መስጠት የሚችለው ለአንድ ምርጫ 2,000 ዶላር ነው፤ የፓርቲ ቅድመ ምርጫውና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ይቆጠራሉ። የተረፈውን ለፓርቲው ወይም ለበጎ አድራጎት መስጠት ይቻላል። እሷ የምትጀምረው ከባዶ ነው፦ ከ5,000 ዶላር በላይ ከሰበሰበች ወይም ካወጣች በ15 ቀን ውስጥ ዕጩነቷን ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ታሳውቃለች፣ ከዚያ በ10 ቀን ውስጥ ኮሚቴዋን ታስመዘግባለች። ዕድሜዋ 25 የሞላ፣ 7 ዓመት ዜጋ የሆነችና በተመረጠችበት ቀን በግዛቱ የምትኖር መሆን አለባት። ዜግነቷን በኋላ ያገኘችም ብትሆን ችግር የለውም።

ብዙውን ጊዜ ነገር የሚበላሸው በምዝገባ ቀን ነው። የሚዙሪው ቢል ኤመርሰን ጁን 22 ቀን 1996 ሲሞቱ ለፓርቲ ዕጩነት መመዝገቢያው አልፎ ነበር። በኖቬምበር ሁለት ምርጫ በአንድ ቀን ተደረገ፤ አንዱ ለቀሩት ሳምንታት ማሟያ፣ ሌላው ለመጪው ዘመን። ጆ አን ኤመርሰን በመጀመሪያው እንደ ሪፐብሊካን፣ በሁለተኛው እንደ ግል ተወዳዳሪ ቀረቡ። መራጩ በአንድ ቀን ያንኑ ስም በሁለት ዓይነት መለያ ማግኘት ነበረበት፤ ሁለቱንም አሸነፉ።

በዚያው በሚዙሪ በ2000 የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ለሴኔት ይወዳደሩ የነበሩት አገረ ገዥ ሜል ካርናሃን ኦክቶበር 16 ቀን በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ምርጫው ሦስት ሳምንት ስለቀረው ስማቸው ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ሊወጣ አልቻለም። የተተኩት አገረ ገዥ ሟቹ ካሸነፉ ባለቤታቸውን ጂንን እንደሚሾሙ አስቀድመው ተናገሩ፤ ሟቹም አሸነፉ። ሆኖም ሹመት የስድስት ዓመት ዘመን አይሰጥም። ጂን ካርናሃን በ2002 የማሟያ ምርጫ ተሸንፈው በዚያው ኖቬምበር ወንበሩን አስረከቡ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሴቶች ወንበር ከማሞቅ ያለፈ ሥራ ሠርተዋል? (ከአዲስ አበባ)

አንዳንዶቹ የቀረውን ጊዜ ጨርሰው ወጥተዋል። በ1923 ባሏን በመተካት የመጀመሪያዋ የሆኑት የሳን ፍራንሲስኮዋ ሜይ ኤላ ኖላን ድጋሚ አልተወዳደሩም። የአርካንሳሷ ሃቲ ካራዌይም እንዲሁ ያደርጋሉ ተብሎ ነበር በ1931 ለሴኔት የተሾሙት። በሜይ 1932 ግን ሴኔቱን ለአንድ ቀን እንዲመሩ ሲጋበዙ፣ ያንኑ ቀን ጠብቀው ለሙሉ ዘመን እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። ወንበሩን ሲጠብቁ የነበሩት ወንዶች ደነገጡ። በኦገስት የሉዊዚያናው ሴናተር ሂዩይ ሎንግ በድምፅ ማጉያ መኪና አርካንሳስን አብረዋቸው ዞሩ፤ ስድስት ወንድ ተፎካካሪዎችን አሸንፈው እስከ 1945 ቆዩ።

የማሳቹሴትሷ ኢዲት ኖርስ ሮጀርስ በጁን 1925 ተመርጠው በ1960 እስከሞቱበት ቀን ድረስ አገለገሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችን ሲረዱ ነበርና የሥራቸው መሠረት የወታደሩ ጉዳይ ሆነ፤ ሴቶች በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ረዳት ጓድ ሆነው እንዲያገለግሉ የፈቀደውን የ1942 ሕግ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው።

ከሁሉም በላይ ሊታወቁ የሚገባቸው ግን ሊንዲ ቦግስ ይመስሉናል። ባላቸው ሄል ቦግስ በተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ ሳሉ በኦክቶበር 1972 አላስካ ላይ ከነአውሮፕላናቸው ጠፉ፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም። በኖቬምበር ምርጫ በሌሉበት አሸነፉ፤ ወንበሩ ባዶ መሆኑ የታወጀው በጃንዋሪ 1973 ነው። ሊንዲ በማርች ተመረጡ። የባላቸውን የምርጫ ዘመቻዎችና ጽሕፈት ቤት ለዓመታት የመሩ ሰው ስለነበሩ ሥራው አዲስ አልሆነባቸውም። በባንክ ጉዳዮች ኮሚቴ የብድር አድልዎን የሚከለክል ረቂቅ ሲቀርብ የፆታና የጋብቻ ነገር አልተጻፈበትም። ሊንዲ «ፆታ ወይም የጋብቻ ሁኔታ» የሚለውን በእጃቸው ጨምረው ኮፒ አስደርገው ለባልደረቦቻቸው አደሉ፤ የቀረው በመርሳት መሆኑን እርግጠኛ ነኝ አሏቸው። ማንም አልተቃወመም። በ1974 ሕግ ሆነ፤ ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በዚህ ምክንያት ብድር መከልከሏ በዚያ ሕግ ታገደ።

ጥያቄ፦ የኤላይጃ ከሚንግስ ባለቤት ለምን አላሸነፉም? (ከባልቲሞር)

ተወካዩ ኦክቶበር 17 ቀን 2019 ሲሞቱ ማያ ሮኪሙር ከሚንግስ የግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ልምድ አልጎደላቸውም። ግን የፓርቲ ቅድመ ምርጫው የተደረገው በፌብሯሪ 4 ቀን 2020 ነው፤ ከ20 በላይ ዕጩዎች ለመሰናዳት ጊዜ አገኙ። ከእነሱም አንዱ ክዋይሲ ምፉሜ ነበሩ፤ ያንኑ ወንበር ከከሚንግስ በፊት ከ1987 እስከ 1996 የያዙ ሰው። የሟቹ ስም ዋጋ የሚኖረው ከሱ እኩል የሚታወቅ ሌላ ስም በሌለበት ነው። በቴክሳስም ሱዛን ራይት የፕሬዚዳንት ትራምፕን ድጋፍ ይዘው በጁላይ 2021 ተሸንፈዋል፤ በዚያው ዓመት በሉዊዚያና ጁሊያ ሌትሎው ግን ያለ ሁለተኛ ዙር አሸንፈዋል።

ጥያቄ፦ በእኛስ ታሪክ ወይም በሌላ አገር? (ከጎንደር)

ለጎንደር ሰው እቴጌ ምንትዋብን መንገር አያስፈልግም፤ አፄ በካፋ በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ስለነበሩ እቴጌዋ ራሳቸው ዘውድ ደፍተው አብረው ነገሡ። ሥልጣኑ የመጣው በልጅ በኩል ስለሆነ ከምርጫው ጋር አይመሳሰልም።

በምርጫ ቀዳሚዋ የስሪላንካዋ ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ ናቸው። ባላቸው በሴፕቴምበር 1959 ሲገደሉ ወዲያው የተተኩት ሌላ ሚኒስትር ነበሩ። ሲሪማቮ ፓርቲውን መርተው በጁላይ 1960 አሸነፉ፤ ራሳቸው በየትኛውም ወረዳ ስላልተወዳደሩ በሴኔት በኩል ገብተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የአርጀንቲናዋ ኢዛቤል ፔሮን ብዙ ጊዜ አብረው ይጠራሉ፤ እሳቸው ግን በ1973 ከባላቸው ጋር ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡ ስለነበሩ፣ ሁዋን ፔሮን ጁላይ 1 ቀን 1974 ሲሞቱ ወንበሩ የደረሳቸው በምክትልነታቸው ነው።